የተዘፈነልን እኛ መቼ እንዘፍናለን?

ስለ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበምና ስለ ዋግ ድምፅ

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣ ጊዜ አድማጩ በሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ኢትዮጵያዊ ሮክ ተወለደ» ሲል ደስ አለው፤ ሁለተኛው ወገን «ይህ ባማርኛ ቃል የተሸፈነ የፈረንጅ ጩኸት ነው» ሲል ተቆጣ። ባንዱ በ2018 «ለራስህ ነው» የተባለውን ሁለተኛ አልበሙን ካወጣ በኋላም ክርክሩ በመኝታ ክፍሎቻችንና በምግብ አዳራሻችን ገና አልበረደም። ሁለቱም ወገኖች የተሟገቱት «ይህ ድምፅ የማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ «በዚህ ድምፅ ማን ይናገርበታል?» ተብሎ ቢጠየቅ የተሻለ ነበር እላለሁ። ጥያቄው በተለይ እንደ እኔ ከሰቆጣ ለመጣ ተማሪ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አልበሙ ፍሬ ነገሩን እንወቅ። ጃኖ ዘፈኑን ለአራት ድምፃውያን ያከፋፈለ ባንድ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች፣ ሄዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ሁለቱ ወንዶች፣ ዲበኩሉ ታፈሰና ኃይሉ አመርጋ ናቸው። ከበስተኋላቸው የተጠመዘዘ ድምፅ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታርና ከባድ ድራም ይሰማል። ቃሉ አማርኛ ነው፤ የድምፁ መርገፍገፍ ያገራችን ነው። ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» ያሠራ፣ በ2001 ደግሞ የቻግኒዋን ልጅ የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለ አልበም ያሠራ ነው። እንግዲህ የሄቪ ሜታልን ቤትና የአገው ምድርን ዜማ አንድ እጅ ነክቷቸዋል ማለት ነው። «ኤርታሌ»ን ሄቪ ሜታል ብቻ ብዬ ብጠራው እዋሻለሁ፤ ነገር ግን ጊታሩና ድራሙ የመጡት ከዚያ ቤት መሆኑን የሚክድ ጆሮ የለም።

የተቃዋሚዎቹ የመጀመሪያ ክስ «ባዕድ ነው» የሚል ነው። ይህን ክስ በትዕግሥት እንመርምረው።

ጃኖ ምንድን ነው? ከዳሩ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለበት የክብር ልብስ ነው። ጥጡን ያገራችን እናቶች ፈትለውታል፤ ያገራችን ሸማኔ ሠርቶታል። ቀዩ ክር ግን በቀድሞው ዘመን ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። ሸማኔው ያን ክር በራሱ መወርወሪያ በራሱ ድር ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ በኋላ ጃኖን ባዕድ ነው ያለ መኰንን አልተገኘም። ባንዱ ይህን ስም ሲመርጥ ሥራውን ራሱ ተረጐመልን።

ወደ ነሐሱ ሙዚቃ እንለፍ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ አርመናውያን የሙት ልጆች አስመጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ያ ጥሩምባ በጊዜው ከጊታር ያላነሰ ባዕድ ነበር። በኋላ ግን በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ እጅ ገብቶ ትዝታንና አምባሰልን ተማረ፤ ዛሬ አባቶቻችን «የጥንቱ ጣፋጭ ሙዚቃ» እያሉ የሚናፍቁት እርሱኑ ነው። የትናንቱ ባዕድ የዛሬ ቅርስ ከሆነ፣ በዛሬው ላይ ፍርድ ለመስጠት መቸኰል አይገባም።

ደግሞም «የተጠመዘዘ ድምፅ» የሚባለው ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። በገና ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ከዐሥሩ አውታሮች በእያንዳንዱ ሥር፣ በጅማቱና በብርኩማው መካከል፣ እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። ሥራው ምንድን ነው? ጅማቱ ጥርት ብሎ እንዳይጮኽ፣ ይልቁንም እንዲነዝርና እንዲያጕረመርም ማድረግ ነው። አባቶቻችን ጥርት ያለውን ድምፅ ትተው የሚነዝረውን የመረጡት ስላቃታቸው ሳይሆን ነፍስን የሚያናውጥ እርሱ ሆኖ ስላገኙት ነው። የሄቪ ሜታል ጊታረኛ በኤሌክትሪክ የሚፈልገው ይህንኑ የመሰለ ነዘራ ነው። ዓላማቸው አንድ ነው አልልም፤ በገናው ለጸሎት ነውና። ጆሮ ግን ለጆሮ ዘመድ ነው።

አሁንም ለሙዚቃ መምህሮቻችን አንድ ነገር ላቅርብ። አንቺሆዬን በክራር ስንቃኝ ከመነሻው ድምፅ እስከ አራተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ እርምጃ ነው። የኤውሮፓ ሙዚቀኞች ይህን ርቀት ሻካራ ነው ብለው ለረጅም ዘመን ሲሸሹት ኖረዋል። ብላክ ሳባት የተባለው የእንግሊዝ ጓድ በመጀመሪያ አልበሙ መክፈቻ ላይ የተጠቀመበት ግን ይህንኑ ርቀት ነው፤ አድማጩ የደነገጠውም በእርሱ ነበር። የኛ ሙሽራ ሸኚዎች ምንም ሳይደነግጡ ሲዘፍኑበት ኖረዋል።

የአልበሙ ስምስ? ኤርታሌ በአፋር ዝቅተኛ ምድር ያለ፣ ቀልጦ የሚንተከተክ ድንጋይ በጕያው የያዘ እሳተ ገሞራ ነው። ከእርሱ አካባቢ ካለው የጨው ሜዳ የተፈለጠው አሞሌ በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ከታላላቆቹ የአሞሌ ገበያዎች አንዱም ሰቆጣ ነበረች። በ19ኛው መቶ ዓመት ያለፉባት ተጓዦች ስለ ገበያዋ ጽፈዋል። እንግዲህ የሰቆጣ ሰው የኤርታሌን ጐረቤት ጨው ሲልስና ሲገበያይበት የኖረ ነውና፣ ይህ ስም በጆሮው ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ክስ «ጩኸት ነው» የሚል ነው። ይህ ክስ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። የብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም በየካቲት 1970 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ወጣ። የተቀዳው ባንድ ቀን ያህል ነው። ጊታር መቺው ቶኒ አዮሚ የበርሚንግሃም የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ መኪናው የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቈረጠበት። እርሱም ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራና መምታቱን ቀጠለ። ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት አልበሙን አጣጣለው፤ አድማጩ ግን እየገዛ በእንግሊዝ አገር እስከ ስምንተኛ ደረጃ አደረሰው። ሐያሲዎቹ በዚያ ድምፅ ውስጥ ጩኸት ብቻ ሰሙ፤ የፋብሪካው ሠፈር ልጆች ግን የራሳቸውን ኑሮ ሰሙበት። ይህን የማነሣው ሕዝብ ሁልጊዜ ትክክል ነው ለማለት አይደለም። አንድን ሙዚቃ «ጩኸት» ብሎ የሚፈርድ ሰው በመጀመሪያ የማን ጩኸት እንደ ሆነና ስለ ምን እንደሚጮኽ መጠየቅ አለበት ለማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ።

በጥቅምት ወር 1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከቆረም ሜዳ የተነሣውን የረኃብ ሥዕል ለዓለም አሳየ። ቆረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፤ በዚያ ብርድ ላይ ከተኙት ብዙዎቹ ከዋግ ተራሮች በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ዓለምም በዘፈን መለሰ። በመጀመሪያ የእንግሊዞቹ ዘፈን ወጣ፤ ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ላሊበላን በጐረቤትነት ይዞ ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች አስቀድሞ ልደትን ሲያከብር ስለ ኖረ ሕዝብ እንዲህ ተብሎ ተጠየቀ! ቀጥሎ የአሜሪካኖቹ መጣ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ ኮንሰርት ተደረገ፤ ተለያይተው የነበሩት አራቱ የብላክ ሳባት ሰዎች ለዚያ ቀን ተሰባስበው በፊላደልፊያ መድረክ ላይ ቆሙ። የሄቪ ሜታል ሰዎችም በአሜሪካኖቹ ዘፈን ውስጥ እምብዛም ስላልነበሩ የራሳቸውን አዘጋጁ። በሮኒ ጄምስ ዲዮ መሪነት አርባ ያህል ሙዚቀኞች በግንቦት ወር 1985 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ተሰብስበው «ስታርስ» የተባለውን ዘፈን ቀዱ፤ «ሂር ኤንድ ኤይድ» የተሰኘው አልበምም በ1986 ወጥቶ ለረኃቡ እርዳታ ተሸጠ።

ለነዚህ ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው። የተራበ ሰው የሰጪውን ጠጕርና ልብስ አይመረምርም፤ ያን ጊዜ «ይህ የብረት ጩኸት ነው፤ ስንዴውን መልሱት» ያለ አልነበረም። ነገር ግን አንድ ነገር ይታሰብ። በነዚያ ሁሉ ሸክላዎች ላይ የዋግ ሰው አለ፤ ያለው ግን እንደ ሥዕል ነው። ዓይኑ ይታያል፤ ድምፁ አይሰማም። ስሙ አልተጻፈም፤ ቋንቋው አልተጠየቀም፤ እናቱ ልጅዋን የምታባብልበትን ዜማ የቀዳ አልነበረም። ዓለም ሁሉ ዘፈነልን፤ እኛ ግን አልዘፈንንም።

«ኤርታሌ» በኔ ዘንድ ዋጋ ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከነዚያ ኮንሰርቶች ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ያው ጊታርና ያው ድራም በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ፤ ኢትዮጵያዊው ስለ ረኃብ የሚለቀስለት መሆኑ ቀርቶ ስለ ፍቅሩ፣ ስለ ቍጣውና ስለ ተስፋው በገዛ አፉ የሚናገር ሆነ። የሞተርሄድን አልበም ያሠራው ሰው መጥቶ የኛን ልጆች ድምፅ አቀናበረ፤ ሊያዝንላቸው ሳይሆን ሊሠራ። አልበሙን የወደዱትም የጠሉትም ወገኖች ይህን መገለባበጥ እምብዛም አላነሡትም። ስለ ልብስ ሲከራከሩ ዋናው ነገር አለፋቸው።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። በእሳተ ገሞራ ስም የተጠራ ሥራ ከዚህ የበለጠ ሊነድ ይገባው ነበር፤ አንዳንድ ዘፈን ላይ ጊታሩ ሊናገር ሲል ዝም ይላል፤ አራቱ ድምፆች ተራ ከመጠበቅ ይልቅ የሚሽቀዳደሙበት ቦታም አለ። የምነቅፈው ግን ከዚህ ይበልጥ እኛን አድማጮቹን ነው። አንድ መንገድ ተከፈተልን፤ እኛ ግን በመግቢያው ላይ ቆመን «መንገዱ የማን ነው?» እያልን እንጨቃጨቃለን፤ የሚሄድበት ጠፋ።

ዋግ ምን ይዞ ይሂድበት? ለማያውቁ አንባብያን ልንገር። በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ የሰቆጣና የአካባቢዋ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ቄጠማ በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው በቡድን በቡድን ይወጣሉ። ላስታ አሸንድዬ፣ ትግራይ አሸንዳ የሚለው በዓል በኛ ዘንድ ሻደይ ይባላል። አንዷ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ እግርና ከበሮ አንድ ላይ ይመታል፤ ቄጠማው ያፏጫል። ማጉያ ሳይኖራቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰሙ ናቸው። «ጩኸት ባህላችን አይደለም» የሚል ሰው በዚያ ሳምንት ሰቆጣ ገብቶ ይናገር!

የሻደይ ዘፈን ባማርኛም በኽምጥኛም ይዘፈናል። ኽምጥኛ የአገው ቋንቋ ነው፤ ከአዊኛ ጋር ዘመድ ነው። ዛሬ በዋግ ኽምራ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ በብዙኃን መገናኛም ይሰማል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍና በዜና ብቻ አይኖርም። ወጣቱ ሲዋደድበት፣ ሲቀልድበት፣ ሲናደድበትና ሲዘፍንበት ነው የሚኖረው። በኽምጥኛ የሚዘፍነው ጐረምሳ ከተማ ሲገባ ጊታር ካነሣ ቋንቋውን ይተዋል፤ ቋንቋውን ከያዘ ጊታሩን ይተዋል። ሁለቱ ባንድ እጅ አይያዙም ያለው ማን ነው?

ሌሎች ይዘዋቸዋል። በኒው ዚላንድ ኤሊየን ዌፐንሪ የተባለ የወጣቶች ባንድ በአያቶቹ በማኦሪ ቋንቋ ሄቪ ሜታል እየዘፈነ በ2018 «ቱ» የሚባል አልበም አወጣ፤ ያን ቋንቋ ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁ አድማጮች በየአገሩ ቃሉን አጥንተው አብረው ይጮኻሉ። በሞንጎልያ ደግሞ ዘ ሁ የተባለው ባንድ የፈረስ ጭራ ጅማት ያለውን ያገሩን መሰንቆ ከከባድ ጊታር ጋር አጣምሮ በ2019 «ዘ ገረግ» የተባለ አልበም አወጣ፤ መንግሥቱ ወጣቶቹን ባህል አበላሻችሁ ብሎ በመገሠጽ ፈንታ የጄንጊስ ካንን ስም የያዘውን ታላቅ ኒሻን ሸለማቸው። የኛ መሰንቆም ጅማቱ የፈረስ ጭራ ነው።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ።

አንደኛው፣ «ዋግ የሚያስፈልገው እህልና ውኃ ነው፤ ጊታር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህን ቃል በንቀት አላልፈውም። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አገራችንን አደቀቀው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን መታቸው። እህሉ ይቅደም። ነገር ግን አስተውሉ፤ የዋግ ስም በሬዲዮ የሚነሣው መቼ ነው? ሲራብ ነው። በ1977ም እንዲሁ፣ በ2016ም እንዲሁ። ሕዝብ በረኃቡ ብቻ ሲታወቅ ሌላው ወገን እርሱን ከመርዳት በቀር ከእርሱ የሚቀበለው ነገር ያለ አይመስለውም። ውሎ አድሮ የገዛ ልጆቹም እንዲሁ ያስባሉ። በየዶርሙ «ከወዴት ነህ?» ሲባል «ከወልዲያ አካባቢ» ብሎ ሰቆጣን የሚሸሽግ የዋግ ልጅ ያጋጠማችሁ ትኖራላችሁ። ያን ልጅ ስንዴ ብቻ ቀና አያደርገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ «ማጉያው ሻደይን ያጠፋዋል» የሚል ነው። በዚህ ፍርሃት ውስጥ እውነት አለ። በየሰርጉ አንድ ኪቦርድ ገብቶ ስንቱን ከበሮ ሥራ እንዳስፈታ አይተናል። ነገር ግን ዜማን የሚገድለው መሣሪያው ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ነው። ዜማውን ሳያጠና ማሽን ላይ የሚጭን ያበላሸዋል፤ አጥንቶ፣ ቅኝቱን ለይቶ፣ ቃሉን ከአፍ ተቀብሎ የሚሠራ ግን ይጨምርበታል። ስለዚህ ጥንቃቄው መሣሪያውን ከግቢ በማገድ ሳይሆን በጥናት ይሁን። እኛ ደግሞ ያለነው ከጥናት ቤት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ለማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚና ለመምህሮቻችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የሙዚቃ ክበቡ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታርና አንድ ማጉያ እንዲገዛለት ያቀረበው ጥያቄ ይፈቀድለት። ጥያቄው «የውጭ ነገር ነው» በሚል ምክንያት ብቻ ከሁለት ስብሰባ በላይ መንከባለል አይገባውም፤ ይህ ወረቀት የሚታተምበት ማባዣም የውጭ ነው።

ሁለተኛ፤ በመጪው ክረምት ወደ ሰቆጣ የምንመለስ ተማሪዎች የሻደይን ዘፈኖች፣ የባላገሩን ፉከራና የእናቶችን እሹሩሩ ባማርኛና በኽምጥኛ እንቅዳ፤ የዘፋኟ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ፈቅዳ ከሆነ ስሟ ከዜማዋ ጋር ይመዝገብ። ቅጂው በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። በ1977 ያጣነው ይህንኑ ነው፤ ፊታችን ተቀዳ፤ ድምፃችን ሳይቀዳ፣ ስማችንም ሳይጻፍ ቀረ።

ሦስተኛ፤ «ኤርታሌ» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአዳራሻችን አንድ ምሽት ይደመጥ፤ ቅኝት የሚያውቅ መምህር ያስረዳን፤ ከዚያ በኋላ የፈለገ ይውደደው፤ የፈለገ ይጥላው። ያልሰማ እንዳይፈርድ ግን እንስማማ።

የዋግ ልጆች ሆይ፣ በመጨረሻ ለናንተ አንድ ቃል አለኝ። ቶኒ አዮሚ በተቈረጠ ጣቱ መታ። እኛ ጣታችን ሙሉ ነው፤ ከአያቶቻችን የተቀበልነው ዜማም አለ። ጃኖ ባማርኛ ጀምሯል፤ የኽምጥኛውን ከአዲስ አበባም ከፊላደልፊያም የሚጀምርልን የለም። በሚመጣው ነሐሴ ሰቆጣ ስትገቡ፣ ከበሮው ከሚመታበት አደባባይ ዳር ቆማችሁ ስልክ ከማንሣታችሁ በፊት ጆሮአችሁን አቅኑ፤ ቃሉን ተቀበሉ፤ ያልገባችሁን እናቶቻችሁን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ጊታሩን እናንሣ።

ከዋግ ተማሪዎች አንዱ